አምስት ካልሞሉ አይቀደስም

ዲያቆን ኦሊቃ ከአምቦ ሲመለስ የተቀመጠው በሚኒባሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ፣ በአንድ ጆንያ ሽንኩርትና እንቅልፍ በሚጥላት አንዲት ሴትዮ መካከል ተጣብቆ ነው። ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን፣ ገለታ ተቀምጧል። ገለታ ጠዋት አብረው ሲሄዱ ዲያቆን ነበር፤ አሁን ሲመለሱ ቄስ ነው። ጥምጥሙ አዲስ ስለሆነ አናቱ ላይ አልረጋ ብሎት፣ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር በእጁ ይደግፈዋል።

ተሳፋሪ ደግሞ አዲስ ቄስ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። «አባ ይባርኩን» ያላለ የለም። መስቀሉ ከወንበር ወንበር እየተሳለሙት መጨረሻው ጋ ሲደርስ የገለታ እጅ አጠረ። ኦሊቃም አንገቱን አላስረዘመም።

«ጠጋ ብለህ ተሳለም እንጂ ኦሊቃ፤ በረከት ይለፍህ?» አሉ የደብሩ አስተዳዳሪ መልአከ ገነት አመዩ፣ የመሃሉን ወንበር ብቻቸውን ሞልተው እንደተቀመጡ።

ኦሊቃ ሽንኩርቱን ተደግፎ ጎንበስ አለና ተሳለመ። ይህን ልጅ ውዳሴ ማርያም ያስጠናው እሱ ነው። ሲሳሳት ጆሮውን የቆነጠጠውም እሱ ነው። አሁን ያንኑ ጆሮ ከኋላ እያየ፣ ያኔ ጠበቅ አድርጎ ባለመቆንጠጡ ቆጨው።

የጋራው ሩፋኤል ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ጋራ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ቅዳሴ አምስት አገልጋይ ይፈልጋል፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። አራት ከሆኑ፣ አንዱ የመላእክት ድምፅ ቢኖረው እንኳ፣ አይቀደስም። ጋራው ላይ ደግሞ አምስት መሙላት ሁልጊዜ ጭንቅ ነው። ድምፁ ያማረ ወጣት ዲያቆን ሁሉ ወይ ለትምህርት አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይ ባጃጅ ይይዝና እሑድ ዋና የሥራ ቀኑ ይሆናል። የማይሄደው ኦሊቃ ብቻ ነው። ወንጪ ሐይቅን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ፈረስ ያከራያል። ቅዳሜ ከመሸ ውኃ እንኳ ባፉ አይዞርም። እሑድ ጎህ ሳይቀድ መቅደስ ነው። ዕድሜው አርባ ስድስት ደርሷል፤ ጢሙም ግማሹ ነጥቷል።

ሚስቱን ጌጤነሽን በተክሊል አግብቷል። ትምህርቱም የሚያሳፍር አልነበረም። ለቅስና የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አስተዳዳሪው ጳጳሱ ፊት ቆመው «ይገባዋል» ብለው አይመሰክሩለትም። በጠየቃቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው።

«አንተ ከቀሰስክ ማን ይዲቁናል? ታገሥ።»

ኦሊቃ ታገሠ። እሳቸው ግን አልታገሡም። መጀመሪያ ቄስ አመዩ ነበሩ፤ ቀጥሎ መጋቤ ሥርዓት ሆኑ፤ ከዚያ መልአከ ገነት። እኛ ጎረቤቶች አንዱን ማዕረግ ለምደን ሳንጨርስ ሌላው ይመጣብን ስለነበር፣ ግራ ሲገባን «አባታችን» ብለን እንገላገል ነበር።

ዘንድሮ ግን በገዛ አፋቸው «ሐሙስ አምቦ እንሂድ፤ ጳጳሱ ክህነት ይሰጣሉ» አሉት። ጌጤነሽ የጥምጥም ሻሽ ገዝታ አጥባ ተኮሰች። ፈረሶቹም እስከ ሐሙስ አረፉ። ሐሙስ ዕለት ኦሊቃ ከሌሎች ዕጩዎች ጋር ተሰልፎ ቆመ። ጸሐፊው «የጋራው ሩፋኤል!» ብሎ ሲጣራ መልአከ ገነት ተነሡና እጃቸውን ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። የገለታ ትከሻ ላይ። ገለታ የእኅታቸው ልጅ ነው፤ ባለፈው ጥር ነው ያገባው።

«እኔስ?» አለ ኦሊቃ።

መልአከ ገነት ወደ ጸሐፊው ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ተናገሩ። እሳቸው ግን ለስብከት የተፈጠረ ድምፅ ስላላቸው፣ የሚያንሾካሹኩት ሁሉ እስከ በሩ ይሰማል።

«ይኼኛው ለሚቀጥለው ይቆየን። ገና ነው።»

ገና ነው! ኦሊቃ ይህችን ቃል ከአምቦ እስከ ጋራው ግርጌ ድረስ እንደ ትኩስ ድንች ባፉ ሲያገላብጥ መጣ።

ከሚኒባሱ ሲወርዱ የባሰው ጠበቀው። ጌጤነሽ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር መንገድ ዳር ወጥታ ስትጠብቅ ነበር። በሩ ተከፍቶ ነጭ ጥምጥም ብቅ ሲል፣ ከጥምጥሙ በታች ያለውን ፊት ሳታይ «እልልልል!» ብላ ለቀቀችው። ገለታ ወረደ። እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። ገለታም ምን ይበል፤ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ቤት እስኪገቡ ድረስ ጌጤነሽ አንድ ቃል አልወጣትም። ይህ ለጌጤነሽ ትልቅ ነገር ነው።

«ምን ተባልክ?» አለች በሩን ዘግታ።

«ገና ነው።»

«ማን አለህ? ጳጳሱ?»

«ጳጳሱማ መች አዩኝ። አመዩ ነው።»

«ገና? ስንት ዓመት ሲሞላህ ነው የምትደርሰው? ድንች እንኳ በዚህ ዕድሜው በስብሷል!» ነጠላዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወረወረች። «እሺ ንገረኝ፤ ያ ሁሉ ዓመት ‹ማን ይዲቁናል› ሲልህ የኖረ ሰውዬ፣ ገለታን ሲያቀስስ ማን ይዲቁናል ብሎ ነው? ዲያቆን እኮ አንተና ነገራ ብቻ ቀራችሁ።»

«ገለታ ይዲቁናላ። ቄስ ወርዶ ይዲቁናል። ዲያቆን ነው ወጥቶ የቄስን ሥራ የማይሠራው።»

ጌጤነሽ ወደ እሱ ተጠጋች። 

«አንተም ቀስሰህ፣ ዲያቆን ሲጎድል ወርደህ ትዲቁን አልነበር?»

ኦሊቃ ደንቡን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሌላ ቄስ ወርዶ ሲዲቁን ስንቴ አይቷል! ነገር ግን «ማን ይዲቁናል» የሚለውን እንደ ከባድ ጆንያ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ሲኖር፣ አንድም ቀን አውርዶ አፉን ፈትቶ አላየውም። ጆንያው ባዶ ነበር።

«ቀስሰህ ቢሆን» አለች ጌጤነሽ፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ እሷ ድምፅዋን ስታወርድ ነው የሚፈራው፤ «የጋራው ሰው ግማሹ ‹ንስሐ አባቴ ሁነኝ› ብሎ ወዳንተ ይዞር ነበር። እሱ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ዛሬ ይዞህ የሄደውም ለምን መሰለህ? ‹ሁለቱንም ወስጄ ነበር፤ አንዱ አለፈ፣ አንዱ ወደቀ› ለማለት ነው። ለገለታ አጃቢ ነበርክ። ሚዜ!»

የኦሊቃ ቆሽት ያኔ ነው በእውነት ያረረው። እስከዚያ ድረስ አዝኖ ነበር፤ ሐዘን ደግሞ ይለመዳል። ሞኝ መሆን ግን አይለመድም።

«እሑድ አልገባም» አለ።

«ይመጡና ይጎትቱሃል። ያኔ ትኩሳት ይዞህ እንኳ በራስህ ፈረስ ጭነው ወስደውሃል።»

«የማይጎትቱበት መንገድ አለ።»

ዓርብም ቅዳሜም ፈረስ እያከራየ ዋለ። አንድ እንግዳ «ይህ ፈረስ ይራገጣል?» ብሎ ቢጠይቀው «ፈረሱ አይራገጥም» አለና ሰውዬውን አስደነገጠው።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ኦሊቃ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደረሰ። ከጋቢው ስር አንድ ጠርሙስ የአምቦ ውኃ ይዟል። ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ልማድ ሆኖበት እንጂ አስቦበት አይደለም። በሩ ላይ ነጭ የለበሰ ሰው ተሰብስቧል። ኦሊቃ ግን ማንንም አላየም። ዓይኑ የሚፈልገው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ካባውን ደርቦ፣ መስቀሉን ይዞ ከውስጥ ብቅ አለ።

«የት ጠፋህ አንተ? ሰዓቱ እኮ ሄደ! ቶሎ ግባና ልበስ!»

«አመዩ» አለ ኦሊቃ።

ሰው ሁሉ ዞር አለ። በጋራው ላይ ይህ ስም ያለ ማዕረግ ከተጠራ ዘመን የለውም። «መልአከ ገነት በል እንጂ ዲያቆን» አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ ረስቶ የመሰለው።

«አመዩ፣ ሐሙስ ዕለት ስለ እኔ ምን አልክ?»

«ይኼ የደጅ ወሬ አይደለም። ግባ አልኩህ።»

«አምቦ ላይ በሰው ፊት ነው ያልከው። እዚህም በሰው ፊት በለው!»

መልአከ ገነት ወደ ሕዝቡ ፈገግ አሉ፤ ልጅ እንዳስቸገረው አባት። «ትዕቢት ሲይዝህ ጊዜ ነው ገና ነው ያልኩት። አሁንም ገና ነህ። ግባ፣ ልበስ፣ ቀድስ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ገና ነኝ?»

«ገና ነህ።»

ኦሊቃ ጠርሙሱን አወጣ። ቆርኪውን በጥርሱ ነከሰና ነቀለው። ውኃው ፍሽሽ ሲል ከፊት የቆመች አንዲት ባልቴት «ኧረ በስመ አብ!» አለች፤ ሊያደርግ ያሰበው ገብቷታል። ከቅዳሴ በፊት አንዲት ጠብታ በጉሮሮው ያወረደ ሰው መቅደስ አይገባም። ኦሊቃ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ጠጣ። ሳይተነፍስ ጠጣ። ጋዙ ባፍንጫው ወጥቶ አስነጠሰው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ደግሞ ቀጠለ። ባዶውን ጠርሙስ መልአከ ገነት እግር ሥር አስቀመጠላቸው።

«ይኸው፣ አሁን ገና ነኝ። ማን እንደሚዲቁን እናያለን!»

ኦሊቃ የሰውዬው ፊት ሲጠቁር ለማየት ጠበቀ። ሦስት ሌሊት በሐሳቡ ያየው ያንን ፊት ነበር። ፊቱ ግን አልጠቆረም። መልአከ ገነት መስቀላቸውን ቀስ አድርገው ወደ ደረታቸው አስጠጉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ምእመናን፣ እኔ ምን ልጨምር? ሰው አማ እንዳልባል ዝም ብዬ ኖርኩ። ይኸው ራሱ ገለጠው። በቅዳሴ በር ላይ ጠርሙስ የሚገለብጥ ሰው ላቅስስላችሁ?»

ሰውዬው ያን ሁሉ ዓመት ምክንያት ሲፈልግ ኖሯል፤ ዛሬ ኦሊቃ በገዛ እጁ፣ ቆርኪውን ነቅሎ ሰጠው።

ከዚያ የሕፃን ልቅሶ ሰማ።

ጃለኔ ነበረች። ከበሩ ውጪ፣ ገና ለአራስ መግባት ስላልተፈቀደ፣ ሕፃኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ቆማለች። ዛሬ የልጇ ክርስትና ነው። ጃለኔና ባሏ ሂርጳ ልጅ አጥተው ያልረገጡት ጠበል፣ ያልተሳሉበት ታቦት አልነበረም፤ በስተርጅና ሩፋኤል ሰጣቸው። ዘመዶቻቸው ከሸነን ድረስ መጥተው አድረዋል። ያለ ቅዳሴ ደግሞ ሕፃኑ አይቆርብም፤ ክርስትናው ግማሽ ነው። ኦሊቃ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ሂርጳ ራሱ ቤቱ መጥቶ ጠርቶታል፤ ጠላም ጠጥተዋል። ከሐሙስ ወዲህ ግን አንዲቷም ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ አልነበረችም።

«ኦቦ ኦሊቃ» አለች ጃለኔ። «ልጄስ?»

«ጃለኔ፣ እኔ...»

«‹ለዚህ ልጅማ እኔ ነኝ የምቀድስለት› አላልከኝም? ቤቴ ቁጭ ብለህ፣ እጁን ይዘህ አላልክም?»

«በዚህ ሰውዬ ተናድጄ ነው።»

«እኔ ስለ ንዴትህ ምን አገባኝ!» ጮኸች። ሕፃኑም አብሯት ጮኸ። «አህያውን ፈርተህ ዳውላውን ነው የመታኸው! እሳቸው ምን ሆኑ? ቆመዋል፣ ካባቸውን ለብሰዋል! የተመታው ልጄ ነው!» ከዚያ ወደ መልአከ ገነት ዞረች። «እርስዎም አይሳቁ! ሁለታችሁም የልጄ አናት ላይ ቆማችሁ ነው የምትራገጡት!»

ሂርጳ ዘሎ የኦሊቃን ጋቢ ጨመደደ። «ማል ታቴ? ምን ነካህ አንተ?» እያለ ይንጠዋል። ኦሊቃ አልተከላከለም። ያን ጊዜ ጌጤነሽ ሰውን በክርኗ እየገፋች ደረሰች።

«ልቀቀው ሂርጳ! መምታት ካማረህ ተራ ያዝ፤ እኔ እቀድማለሁ። መጀመሪያ ግን ስማ!» አለችና ሕዝቡ መሃል ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሐሙስን፣ ‹ገና ነው›ን፣ ሹክሹክታውን፣ እልልታዋን ሳይቀር። «‹ማን ይዲቁናል› ሲባል ሃያ ዓመት ሰማን። እናንተ ሰዎች፣ ቄስ ወርዶ አይዲቁንም? ገለታ ዛሬ ምን ሊሆን ነበር? ዲያቆን ሆኖ ሊቀድስ አልነበር? ታዲያ የእኔ ባል ቀስሶ ወርዶ ቢዲቁን እግሩ ይሰበር ነበር?»

ሰው ተያየ። የሚያውቁት ነገር ነው፤ ግን እንደ ኦሊቃ እነሱም ጆንያውን ፈትተው አላዩትም። ገለታ በአዲሱ ጥምጥሙ ስር ላብ በላብ ሆኖ መሬት መሬት ያያል።

ሁለተኛው ቄስ አባ ዲንሳ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከውስጥ ወጡ። ጆሮአቸው ደከም ያለ ነው፤ ሲፈልጉ ግን ይሰማሉ። ሂርጳ የኦሊቃን ጋቢ እንደያዘ «አባ፣ እውነት ነው?» አላቸው።

«ሐሙስ አልነበርኩም» አሉ አባ ዲንሳ። «ከዚያ በፊት በነበሩት ግን ሁሉ ነበርኩ። ይህን ልጅ ስንቴ ‹ታገሥ› ሲባል ሰምቼ ዝም አልኩ። የእኔም ኃጢአት ነው።»

ጉርምርምታው ተነሣ። ከሸነን የመጡት የሂርጳ ዘመዶች ሳይቀሩ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ በደንብ ሳይገባቸው፣ «ነውር ነው» ማለት ጀመሩ። መልአከ ገነት ፈገግታቸውን ሰበሰቡ።

«እሺ፣ እሺ። ለሚቀጥለው እመሰክርለታለሁ።»

«‹ለሚቀጥለው› ስትለኝ ጢሜ ጥቁር ነበር!» አለ ኦሊቃ።

አባ ዲንሳ መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ መቱ። «በቃ! ዛሬ አራት ነን፤ አይቀደስም። ነገ ይቀደሳል። አንድ ቀን ቢዘገይ ሩፋኤል አይቆጣም፤ ያለፈውን ሁሉ ችሎናል። ኦሊቃ፣ ነገ ትመጣለህ?»

ኦሊቃ መልአከ ገነትን አላየም። ጃለኔን አየ። እሷ ፊቷን አዞረችበት።

«ለልጁ እመጣለሁ» አለ።

ሰኞ መጣ። ከዋዜማው አባ ዲንሳ ዘንድ ሄዶ ተናዝዞ፣ ስግደቱን ተቀብሎ፣ ጉልበቱ ተልጦ መጣ። አምስት ሆኑ። ሕፃኑ ተጠመቀ፤ ቆረበ። የዚያን ቀን የኦሊቃ ድምፅ ፈጽሞ ሌላ ነበር፤ እኛ ከውጪ የቆምነው «ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያማረለት?» ተባባልን። የተናደደ ሰው ድምፅ ሊያምር እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅነው። በቅዳሴ የመጨረሻው ቃል የዲያቆን ነው፤ «እትዉ በሰላም፣ በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ» ብሎ ሕዝቡን የሚያሰናብተው እሱ ነው። ኦሊቃ አሰናበተ። ከዚያ ልብሰ ተክህኖውን አውልቆ አጠፈ፤ መልአከ ገነት እጅ ላይ አስቀመጠው።

«ከዛሬ ጀምሮ አራት ናችሁ።»

«ወዴት ልትሄድ ነው?»

«ቤቴ።»

ጃለኔ በር ላይ ስታገኘው ቆም አለች። ይቅርታ አላደረገችለትም፤ ነገር ግን «ምሳ አትቀርም» አለችው፣ እንደ ትእዛዝ። ሄዶ በላ። ማንም ብዙ አላናገረውም።

በሚቀጥለው እሑድ ደወሉ አንዴ ተደወለና ዝም አለ። ሰው ጋራውን ወጥቶ፣ ቆሞ፣ ጠብቆ፣ መልሶ ወረደ። ግማሹ ቆላ ወዳለው ማርያም ሄደ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል መልአከ ገነት በእግራቸው መጥተው ከኦሊቃ አጥር ውጪ ቆሙ።

«ዲያቆን ኦሊቃ!»

«ዲያቆን የሚባል እዚህ የለም» አለች ጌጤነሽ ከውስጥ። «ፈረስ አከራይ ከሆነ የሚፈልጉት፣ አለ።»

ኦሊቃ ግቢው ውስጥ ኮርቻ እየሰፋ ነበር። አልተነሣም። እሳቸው ገብተው ከፊቱ ቆሙ። ያለ ካባ ሲታዩ አጠር ያሉ ናቸው።

«ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ እኮ» አሉ።

«ሰማሁ።»

«ተነሥ። ነገ አምቦ እንሂድ። ለብቻህ ይዤህ እሄዳለሁ፤ ጳጳሱ ፊት ቆሜ እመሰክርልሃለሁ።»

የኦሊቃ መርፌ ቆዳው ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። ይህን ቃል ያን ሁሉ ዓመት ጠብቆታል። በሕልሙ ሰምቶታል። አሁን ግን ጆሮው ውስጥ ሲገባ ደስ እንደሚያሰኝ አልገባም፤ ተርፎ እንደተሰጠ ምሳ ሆኖ ገባ።

«መጀመሪያ ጋራው ላይ ትመሰክራለህ» አለ።

«ምን ብዬ?»

«‹ማን ይዲቁናል› ያልኩት ውሸት ነበር ብለህ። ሕዝቡ ፊት።»

«ኦሊቃ! እኔ ሕዝብ ፊት ዋሸሁ ብል ነገ ማን ይሰማኛል?»

«እኔ ሕዝብ ፊት ጠጣሁ። ሸነን ድረስ ተሰማ።»

መልአከ ገነት ደማቸው ፊታቸው ላይ ወጣ። «አንተ የምትፈልገው ቅስና ነው ወይስ የእኔን ውርደት?»

ኦሊቃ አሰበ። የምር አሰበበት፤ ማሰቡ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

«እስከ ሐሙስ ድረስ ቅስና ነበር» አለ። «ከሐሙስ ወዲህ አላውቅም። አንተ ነህ ያደባለቅህብኝ።»

«እንግዲያስ ተቀመጥ!» አሉ መልአከ ገነት፤ በሩን ሳይዘጉት ወጡ።

ጌጤነሽ እጇን በወገቧ አድርጋ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «ሰውዬው እመሰክራለሁ ሲልህ እኮ ነው!»

«ሰማሁ።»

«ሰማሁ? እኔ መንገድ ዳር ያፈርኩት፣ ሕዝብ መሃል የጮህኩት፣ በሩ ድረስ መጥቶ ሲለምን ‹አላውቅም› እንድትለው ነው?»

«ውሸታም ምስክር አቁሜ ልቀስስ? የውሸት እልልታ አልበቃሽም?»

ጌጤነሽ ወደ ውስጥ ገብታ ድስቱን፣ ማማሰያውን፣ ያገኘችውን ሁሉ ታንኳኳው ጀመር። «ተመልሶ ባይመጣስ?» አለች ከዚያው ሆና።

«አይምጣ።»

«ጋራው ለዘላለም ቢዘጋስ?»

ኦሊቃ ፈረሶቹን ፈታና ውኃ ሊያጠጣ ወደ ወንዙ ነዳቸው። እየረገመ ወረደ፤ አመዩን ረገመ፣ ገለታን ረገመ፣ ድንጋይ ሲያደናቅፈው ድንጋዩን ረገመ። ሰዓቱ በደህናው ቀን ቢሆን ቅዳሴው የሚጋመስበት ሰዓት ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርስ ፈረሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሊጠጡ ሲሉ፣ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ፣ ጉሮሮው በሙሉ ድምፁ «ተንሥኡ ለጸሎት!» አለ፤ ለጸሎት ተነሡ የሚለውን የዲያቆን ጥሪ።

ፈረሶቹ ራሳቸውን ቀና አድርገው ጆሯቸውን ወደ እሱ አቆሙ። ከወዲያ ማዶ ልብስ የምታጥብ ሴት እጇ ላይ ሳሙና እንዳለ ብድግ ብላ ቆመች። ኦሊቃ አፉን በመዳፉ ያዘ። በአመዩ ከተናደደው በላይ በገዛ አፉ ተናደደ። ሴትየዋ ግን አልተቀመጠችም፤ ቀጣዩን እየጠበቀች ቆማ ቀረች።